ዊልቸሩ የማን ነው?

ለሆስፒታል ኃላፊዎች፣ ለነርሲንግ አገልግሎት አስተባባሪዎች፣ ለኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴዎች እና ለሥራ ባልደረቦቼ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በየዋርዱ ያሉ ዊልቸሮች፣ ዎከሮች፣ ክራንቾችና ምርኩዞች ንጽሕናና ደህንነት

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ነርስ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው እንደገና መራመድ የሚማሩ ሰዎች በሚተኙበት ዋርድ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መድኃኒት እጥረት ወይም ስለ ደመወዝ አይደለም። ኮሪደር ጥግ ላይ ስለቆመው ዊልቸር ነው። አጠገቡ ግድግዳ ተደግፈው ስለቆሙት ዎከሮች፣ ማለትም ታካሚ በሁለት እጁ ይዟቸው ስለሚራመድባቸው ባለ አራት እግር መደገፊያዎች፣ ስለ ክራንቾችም ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ለእኔም ለብዙ ዓመት ትንሽ ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ሌሊት ነው።

ተረኛ ነበርኩ። የዳሌ አጥንት ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ጥቂት ቀን የሆናቸው እናት ጠሩኝ። ሽንት ቤት መሄድ ፈልገዋል። «እማማ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ ዎከር ላምጣልዎት» አልኳቸው። ኮሪደር ወጣሁና መጀመሪያ ያገኘሁትን ዎከር አነሳሁ። አልጋው ጫፍ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ትንሽ እንዲቀመጡ አደረግኩ። ራሳቸውን ያዞራቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱ። ሁሉንም እንደተማርኩት አድርጌያለሁ። አንድ ነገር ብቻ አላየሁም። ከዎከሩ አራት እግሮች አንዱ ጎማ የለውም። ባዶ ብረት ነው። ወለሉ ደግሞ ገና መወልወሉ ስለነበር እርጥብ ነው።

ሦስት እርምጃ ተራመዱ። አራተኛው ላይ ብረቱ ተንሸራተተ። ለመያዝ ሞከርኩ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልያዝኳቸውም። ዳሌያቸው ተረፈ። የእጃቸው አንጓ ግን ተሰበረ። ወለሉ ላይ አቅፌያቸው ተቀምጬ ሰው ስጣራ፣ ቀና ብለው አዩኝና «ይቅርታ ልጄ፣ አስቸገርኩሽ» አሉኝ።

ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ሪፖርቱ ላይ «ታካሚዋ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ሚዛናቸውን ስተው ወደቁ» ተብሎ ተጻፈ። ስለ ጎማው አንድም ቃል የለውም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነበር። በሚቀጥለው ተረኝነቴ ስገባ ዎከሩን ያው ቦታው ላይ አገኘሁት። በሦስት ጎማ ቆሞ ሌላ ሰው ይጠብቃል።

በኋላ ሌላም ነገር ሰማሁ። ያ ዎከር የዚያኑ ቀን ከሰዓት የወጣው ቁስላቸው ካመረቀዘ አንድ ታካሚ ክፍል ነበር። ሲወጣ ማንም አልወለወለውም። ከቀናት በኋላ የእማማም ቁስል አመረቀዘ። ከዎከሩ ይሁን፣ ከእኔ እጅ ይሁን፣ ከአልጋው ይሁን ማወቅ አልተቻለም። ግን አንድ ዕቃ በአንድ ሌሊት ሁለቱንም አደጋ ይዞ ወደ አንዲት እናት አልጋ ሊሄድ እንደሚችል ያን ጊዜ ገባኝ። ይዤው የሄድኩትም እኔው ነኝ።

ከዚያ መጠየቅ ጀመርኩ። ይህን ዎከር የሚያጸዳው ማነው? የጽዳት ሠራተኛዋ «እኔ ወለልና ግድግዳ ነው የማጸዳው፣ የሕክምና ዕቃ እንዳትነኪ ተብያለሁ» አለችኝ። ታካሚ የሚያመላልሰው ልጅ «እኔ እገፋለሁ እንጂ ማጽዳት አልተነገረኝም» አለ። የጥገና ባለሙያው የሚያውቀው ኤሌክትሪክ ያላቸውን ማሽኖች ነው። ስቶር ስሄድ «አንዴ ወጪ ከሆነ የዋርዱ ነው» ተባልኩ። ዋርድ ውስጥ ያለነው ነርሶች ደግሞ እያንዳንዳችን ስንት ታካሚ እንደምንይዝ ታውቃላችሁ። ማንም አልዋሸኝም። ሁሉም እውነቱን ነው የነገረኝ። የዕቃው ባለቤት ነኝ የሚል ግን አንድ ሰው አላገኘሁም።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ይሄ ነው። ዊልቸሩ የማን ነው?

በብዙ ሆስፒታል ሁለት ኮሚቴ አለ። አንዱ ኢንፌክሽን እንዳይተላለፍ ይሠራል። ሌላው ታካሚ እንዳይወድቅ ይሠራል። በሁለቱም ውስጥ ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ስለ ጓንት፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ካቴተርና ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ይነጋገራል። ሁለተኛው ስለ አልጋ ከፍታ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ወለልና ስለ መጥሪያ ደወል ይነጋገራል። የዎከሩ እጀታ ግን በሁለቱም ስብሰባ ላይ ሲነሳ አልሰማሁም። አንደኛው የሌላኛው ጉዳይ ይመስለዋል። ሁለቱ አደጋዎች የሚገናኙት ግን እዚያ እጀታ ላይ ነው። የታመመ ሰው ሙሉ ክብደቱን የሚጥልበት፣ የሌላ የታመመ ሰው እጅም ቀድሞት የነበረበት ቦታ ነው።

የነገሩን መጠን በቁጥር ላሳያችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ለድንገተኛና ለአጭር ጊዜ ሕክምና ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሰዎች ውስጥ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 7፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 15 ያህሉ እዚያው ሳሉ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። በዚህ ከተያዙት ደግሞ ከ10 አንዱ ይሞታል። ሊታከሙ ገብተው ነው። መውደድም ሆነ መምረጥ የማይችሉበት ቦታ ላይ ነው። መውደቅም እንደዚሁ ነው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች ወድቀው በደረሰባቸው ጉዳት ይሞታሉ። ከትራፊክ አደጋ ቀጥሎ ሳይታሰብ በሚደርስ ጉዳት ብዙ ሰው የሚገድለው መውደቅ ነው። በእርግጥ ይህ ቁጥር ቤትንም መንገድንም ይጨምራል። ሆስፒታል ግን ደካማው ሰው ሁሉ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ልመለስ። እባካችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ክራንች አነሳሁ። እጀታው ላይ ፋሻ ተጠምጥሞበታል። እጅ እንዳይጎዳ ብሎ አንድ ደግ ሰው የጠመጠመው ነው። ፋሻው አንድ ጊዜ ነጭ ነበር። አሁን ግራጫ ሆኗል፤ በጣት ሲነካ ያጣብቃል። ስፈታው አራት ዙር ነበረው። እያንዳንዱ ዙር ከላይኛው የባሰ ነው። የታችኛው ላይ የደረቀ ደም አለ። ስንት ሰው እንደያዘው እግዚአብሔር ይወቅ። ጨርቅን በመወልወል ማጽዳት አይቻልም። ላብ፣ ደምና እርጥበት ይጠጣል፤ ይዞም ይቆያል። የተቀደደ የዊልቸር መቀመጫም እንደዚያው ነው። ከስንጥቁ ስፖንጁ ብቅ ካለ ከላይ የቱንም ያህል ብትወለውሉት ውስጡ የገባውን ሽንት አታወጡትም። እንዲህ ያለ መቀመጫ መፍትሔው መቀየር ነው። ፕላስተር መለጠፍ አይደለም።

ተሐዋስያኑ ደግሞ ትዕግሥተኞች ናቸው። መድኃኒት የተላመደው ስታፊሎኮከስ ደረቅ ገጽ ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። አሲኔቶባክተርም እንዲሁ። ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣው ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል ደግሞ ስፖር የሚባል፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው የተኛ ቅርጽ ይሠራል፤ ስፖሩ ለወራት ይቆያል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አልኮል ያለበት ሳኒታይዘር ይህን ስፖር አይገድለውም። እንዲህ ያለ ታካሚ ካለ እጅ በሳሙናና በውኃ መታጠብ አለበት፤ ዕቃው ደግሞ ክሎሪን ባለው ነገር መጽዳት አለበት። ሳኒታይዘር ኪሳችን ውስጥ ስላለ ብቻ ሁሉን የጨረስን የሚመስለን ጊዜ አለ። እኔም መስሎኝ ያውቃል።

ምናልባት «ዊልቸር ዝቅተኛ አደጋ ያለው ዕቃ ነው» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። ስብሰባ ላይ ሰምቼዋለሁ። ይህ አነጋገር የመጣው ኧርል ስፖልዲንግ የተባሉት አሜሪካዊ ማይክሮባዮሎጂስት ካወጡት ምደባ ነው። እሳቸው የሕክምና ዕቃዎችን በሦስት ከፈሉ። ሰውነት ውስጥ ወደሚገኝ ንጹሕ ክፍል የሚገባ፣ ለምሳሌ የቀዶ ጥገና መሣሪያ፣ ሙሉ በሙሉ ከተሐዋስያን መጽዳት አለበት። እንደ አፍና ጉሮሮ ያለ ስስ ገጽ የሚነካ ከፍተኛ የኬሚካል ማጽዳት ይፈልጋል። ያልቆሰለ ቆዳ ብቻ የሚነካ ደግሞ በሳሙናና በቀላል ፀረ ተሐዋስያን ይጸዳል። ዊልቸርና ዎከር ሦስተኛው ውስጥ ናቸው። ሦስተኛው ግን «ይጸዳል» ነው የሚለው። «ይተዋል» አይልም። ደግሞስ የእኛ ታካሚዎች ቆዳ ሁሉ ያልቆሰለ ነው? ግሉኮስ የተተከለበት እጅ ነው እጀታውን የሚጨብጠው። የመኝታ ቁስል ያለበት ገላ ነው መቀመጫው ላይ የሚያርፈው።

ማጽዳቱ ራሱ ውስብስብ አይደለም። መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ ነው። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ ክሎሪን ኃይሉን ቆሻሻው ይበላበታልና። ቀጥሎ 0.1 በመቶ የክሎሪን ውሕድ ነው። ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ከነካው 0.5 በመቶ ይሆናል። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ፣ አንድ እጅ በረኪና ከ49 እጅ ውኃ ጋር 0.1 ይሰጣል፤ አንድ እጅ ከ9 እጅ ጋር ደግሞ 0.5 ይሰጣል። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል፤ የትናንቱ አይታመንም። ጨርቁ ንጹሕ ከሆነው ወደ ቆሸሸው ይሄዳል፦ እጀታ፣ የክንድ ማሳረፊያ፣ መቀመጫና መደገፊያ፣ የፍሬኑ ዘንግ፣ የእግር ማሳረፊያ፣ መጨረሻ ላይ ጎማ። የፍሬኑን ዘንግ ለይቼ የምጠቅሰው አለምክንያት አይደለም። ታካሚውም፣ አስታማሚውም፣ ነርሷም፣ ገፊውም ይነኩታል፤ ሲጸዳ ግን ይረሳል። ውሕዱ ወዲያው አይደረቅም፤ ሥራውን እስኪሠራ ገጹ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ይታበሳል፤ ክሎሪን ብረት ይበላልና።

በጠቅላላው ጥቂት ደቂቃ ነው። ግን እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች የአንድ ሰው የሥራ ዝርዝር ውስጥ መጻፍ አለባቸው። የማንም ካልሆኑ አይኖሩም።

ስለ እጅ ስናነሳ ሁላችንም አምስቱን የእጅ ማጽጃ ጊዜዎች እናውቃቸዋለን። ታካሚ ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ ፈሳሽ ከነካን በኋላ፣ ታካሚ ከነካን በኋላ፣ በታካሚው ዙሪያ ያለ ዕቃ ከነካን በኋላ። ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ዊልቸር የገፋ ሰው ሰው የነካ አይመስለውም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አምስቱም የእኛ እጅ ናቸው። የታካሚው እጅ የት ገባ? አልጋ ላይ የዋለ ሰው እጁን የሚታጠበው ማን ውኃ ሲያመጣለት ነው? ሽንት ቤት ሄዶ፣ ዎከሩን ጨብጦ ተመልሶ፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ በዚያው እጁ ይበላል። እኛ ከእሱ ስንርቅ በደንብ ታጥበናል። ለእሱ ግን አላቀረብንለትም። በዋርዳችን አንዲት ባልደረባዬ ከምግብ በፊትና ከሽንት ቤት መልስ ለእያንዳንዱ ታካሚ እጅ ማጽጃ ማቅረብ ጀመረች። ማንም አላዘዛትም። አንድ አባት «በሽተኛ ከሆንኩ ወዲህ እጄን ያሰበልኝ ሰው አንቺ ነሽ» አሏት። ያን ቀን ስቴሽን ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች።

አሁን ስለ መውደቅ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ያቺ እናት ከፊቴ አትጠፋምና።

የሞርስ የመውደቅ አደጋ መለኪያን ብዙዎቻችን እንሞላለን። እዚያ ውስጥ ታካሚው በምን ተደግፎ እንደሚራመድ የሚጠይቅ መስመር አለ። ነጥቡ በጨመረ ቁጥር የመውደቅ አደጋውም ይጨምራል። ክራንች፣ ምርኩዝ ወይም ዎከር የሚይዝ ሰው 15 ነጥብ ያገኛል። አልጋና ጠረጴዛ እየያዘ የሚሄድ ሰው 30 ያገኛል። እጥፍ ነው። ይህ ቁጥር ለእኔ ብዙ ይናገራል። ለታካሚ የሚሆን ድጋፍ ሳናቀርብለት ስንቀር አይቀመጥም። ይነሳል። ያገኘውን ይይዛል። ያገኘው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎማ ያለው የምግብ ጠረጴዛ ወይም የግሉኮስ መስቀያ ነው።

ድጋፍ መስጠት ብቻም አይበቃም። ልኩን መስጠት ነው። ረጅም ሰው አጭር ምርኩዝ ይዞ ጎብጦ ሲሄድ ስንቴ አይተናል? ሰውየው ጫማውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንዱን ሲያንጠለጥል፣ የምርኩዙ እጀታ ከእጁ አንጓ ጋር እኩል መሆን አለበት። ሲይዘው ክርኑ ትንሽ ይታጠፋል፣ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ያህል። ምርኩዝ የሚያዘው ደግሞ በደህናው እግር በኩል ባለው እጅ ነው። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዘዋል፤ እኛም አይተን እናልፋለን። የብብት ክራንች ጫፉ ከብብት በታች ሁለት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ክብደቱ በእጅ ላይ ነው የሚያርፈው። ብብት ላይ የሚንጠለጠል ሰው ነርቩ ይጫናል፤ ቀስ በቀስ አንጓውን ቀና ማድረግ ያቅተዋል። እግሩ ሊድን መጥቶ እጁ ዝሎ የተመለሰ ወጣት አይቻለሁ። ክራንቹን ሲሰጠው የለካለት ሰው አልነበረም። እጁ ከወራት በኋላ ተመለሰለት። እነዚያን ወራት ግን ሥራ ፈትቶ ነው ያሳለፋቸው።

ዊልቸር ላይ የሚደርሰው አደጋ አብዛኛው የሚሆነው ሲሄድ አይደለም። ቆሞ ሳለ፣ ሰው ሲቀመጥና ሲነሳ ነው። ፍሬኑ በሁለቱም በኩል መያዝ አለበት። የእግር ማሳረፊያው ወደ ላይ መታጠፍ አለበት፤ በእሱ ላይ ቆሞ ለመነሳት የሚሞክር ሰው ወንበሩን ከነራሱ ወደ ፊት ይደፋዋል። ዊልቸሩ በታካሚው ጠንካራ ጎን በኩል ይጠጋል። አንድ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ልጨምር። በአየር የሚነፋ ጎማ ከጎደለ ፍሬኑ አይዝም። የፍሬኑ ብረት ጎማውን ተጭኖ ነውና የሚያቆመው። «ፍሬኑ ተበላሽቷል» ተብሎ ጥግ ከተጣለ ዊልቸር ውስጥ የጎደለው አየር ብቻ የሆነ ስንት አለ! ፍሬኑ የማይዝ ዊልቸር ጎማ ሥር ድንጋይ ሲደረግ አይቻለሁ። በፋሻ ከአልጋ እግር ጋር ሲታሰርም አይቻለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ፍርሃት አለኝ። ይህን ደብዳቤ አንብቦ «እንግዲያው ታካሚዎች ከአልጋ እንዳይወርዱ ይደረግ» የሚል ኃላፊ እንዳይኖር እሰጋለሁ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲወሰን ስላየሁ ነው። የአልጋው መከላከያ ብረት ይነሳል፤ ታካሚው «አትነሳ» ይባላል። ሽንቱ ሲመጣበት ግን በብረቱ ላይ ተሻግሮ ለመውረድ ይሞክራል። ያኔ የሚወድቀው ከበፊቱ ከፍ ካለ ቦታ ነው። መተኛት ራሱም ይጎዳል። ጤነኛ የሆኑ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ለ10 ቀን አልጋ ላይ አስተኝተው የለኩ ተመራማሪዎች፣ ከእግራቸው ብቻ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ሟሙቶ አግኝተዋል። ጤነኞች ነበሩ። የእኛዎቹ ደግሞ በሽተኞች ናቸው። የመኝታ ቁስል፣ የሳንባ ምች፣ በእግር ደም ሥር ውስጥ የሚረጋ ደም፣ ሁሉም የሚመጡት ከመተኛት ጋር ነው። ሰውን ማስነሳት ሕክምና ነው። ስለዚህ ነው ማስነሻው ዕቃ ንጹሕና ጤነኛ ይሁን የምለው።

ከሁሉም የተጎዱት ለብቻ ክፍል የተለዩት ታካሚዎች ናቸው። መድኃኒት የተላመደ ተሐዋሲ ስለተገኘባቸው «ዎከሩን ይበክሉታል» ተብሎ ዎከር ይከለከላሉ። ፊዚዮቴራፒስቷም መጨረሻ ላይ ነው የምትደርስላቸው፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አትደርስም። ሁለት ሳምንት ተኝተው ከዚያ ክፍል ሲወጡ ኢንፌክሽኑ ለቋቸዋል፤ መራመድም ለቋቸዋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። መልሱ ቀላል ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው አንድ ዎከር ለእሱ ብቻ ይሰጠዋል። እስኪወጣ ክፍሉ ውስጥ ይቆያል። ሲወጣ በደንብ ይጸዳና ለሌላ ይሰጣል። ሰውን ለማንሳት ወገብ ላይ የምናስረው ቀበቶም እንዲሁ ነው። ጨርቅ ስለሆነ ለአንድ ሰው አንድ ነው፤ ከዚያ ወደ ልብስ ማጠቢያ።

አሁን የምለምናችሁን በግልጽ ልናገር።

በየዋርዱ አንድ ሰው ይሰየም። በስም። በየፈረቃው ደግሞ ተተኪ ይኑረው። ዊልቸሮቹና ዎከሮቹ ቁጥር ይጻፍባቸው፤ በቁጥር ያልታወቀ ዕቃ በርክክብ ላይ አይነሳምና። ለንጹሑ አንድ ቦታ፣ ላልጸዳው ሌላ ቦታ ይለይ። አሁን ሁሉም አንድ ጥግ ላይ ነው የሚቆሙት፤ ሌሊት በችኮላ የምትመጣ ነርስ የቱ የጸዳ እንደሆነ በምን ትወቅ? የጸዳው ላይ ቀኑና የአጽጂው ፊርማ ያለበት ወረቀት ይንጠልጠል። የተበላሸው ላይ ቀይ ምልክት ይደረግበትና ያኑ ሰዓት ከዋርድ ይውጣ። «እስኪሠራ ድረስ እንጠቀምበት» የሚባለው ነገር ይቅር። የእግር ጎማዎች በዋርዱ መሳቢያ ውስጥ ተጠባባቂ ይኑሩ። ከዋርዱ ዕቃ ሁሉ ትንሹ ናቸው፤ ለእነሱ ብሎ የግዥ ደብዳቤ ሲጻፍና ወራት ሲጠበቅ ማየት ያሳዝናል። አዲስ ሲገዛ ደግሞ መቀመጫው የሚታጠብ፣ ስፌቱ ያልበዛ፣ ቁመቱ የሚስተካከል ይመረጥ። ከመገዛቱ በፊት የሚገፋውና የሚያጸዳው ሰው ይጠየቅ። እስካሁን ተጠይቀን አናውቅም።

ጊዜውንም ስጡን። ሥራውን አክላችሁ ሰው ካልጨመራችሁ፣ ወይም ከሌላ ሥራ ካልቀነሳችሁልን፣ ፊርማው ይኖራል፤ ጽዳቱ አይኖርም። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ወረቀት ብቻ ሆኖ የቀረ ብዙ ጥሩ መመሪያ ስላየሁ ነው።

ሪፖርቱንም አስቡበት። እኔ ያን ሌሊት ስለ ጎማው ያልጻፍኩት ቅጹ «የወደቀበት ምክንያት» ከሚለው ሥር የሰው ስም እንጂ የዕቃ ስም የሚጻፍበት ቦታ ስላልነበረው ነው። «ዕቃው ምን ነበር? ቁጥሩ ስንት ነው? ጎማና ፍሬኑስ?» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ እጄ ይጽፈው ነበር። ጥፋት ፈላጊ ሪፖርት ሰውን ዝም ያሰኛል። ዝም ስንል ደግሞ ባለ ሦስት ጎማው ዎከር ተመልሶ ኮሪደር ላይ ይቆማል።

ለባልደረቦቼ አንድ ቃል አለኝ። ዎከር ስታነሱ ገልብጡት። እግሮቹን እዩ። ከዚያ እጀታውን ወልውሉ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ካላችሁበት ድካም ጋር ይህም ተጨማሪ መሆኑን አውቃለሁ።

ለአስታማሚዎችም አለኝ። እናታችሁን ወይም አባታችሁን ዊልቸር ላይ ልናስቀምጥ ስንል «ሲስተር፣ ይሄ ጸድቷል?» ብላችሁ ጠይቁን። አትፈሩ። አንቀየምም፤ የሚቀየም ካለም እሱ ነው የተሳሳተው። ፍሬኑን ራሳችሁ ሞክሩት። እጀታው ላይ ፋሻ አትጠምጥሙ። እጃቸው ከተጎዳ ንገሩን፤ የሚታጠብ ማለስለሻ እንፈልጋለን።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የመጨረሻው ልመናዬ ይህ ነው። በሚመጣው ሳምንት አንድ ቀን፣ ሳታስታውቁ፣ ወደ አንዱ ዋርድ ውረዱ። ኮሪደር ላይ ካሉት ዊልቸሮች መጀመሪያ ያገኛችሁትን ያዙና ተቀመጡበት። ማንም ቀድሞ አያጽዳላችሁ። ሁለቱን እጆቻችሁን ማሳረፊያው ላይ አድርጉ። ፍሬኑን ያዙት፤ ያዝ አድርጎት እንደሆነ እዩ። ከዚያ አንድ ሰው እስከ ራጅ ክፍል ገፍቶ ያድርሳችሁ። ስትመለሱ ያን ዊልቸር የሚያጸዳው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ስሙን የሚነግራችሁ ሰው ካገኛችሁ ለዚያ ዋርድ ምስጋናዬን አድርሱልኝ። ካላገኛችሁ ከዋርዱ ሳትወጡ አንድ ሰው ሰይሙ።

ያን ዎከር ከዚያ ወዲያ ለሰው እንዲሰጥ አልፈቀድኩም። ጎማ እስኪገኝለት ቁልፍ ያለው ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩት። አምስት ወር ፈጀ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንዲት የዋርድ ነርስ